ከመኪና ሳይወርዱ መስተናገድ፦ የ«ድራይቭ ስሩ» አመጣጥ፣ የወረፋው ስሌት እና ወጪውን የሚሸከሙ ወገኖች

መግቢያ

ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ የሚፈልገውን አዝዞ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ያዘዘውንም በመስኮት ተቀብሎ የሚሄድበት የመስተንግዶ ዓይነት «ድራይቭ ስሩ» ተብሎ ይታወቃል። በሰሜን አሜሪካ ይህ አሠራር የፈጣን ምግብ ንግድ ዋና ምሰሶ ከሆነ አያሌ ዓመታት አልፈዋል። ማክዶናልድስ የተባለው ኩባንያ በ2020 በሰጠው መግለጫ፣ በዓለም ዙሪያ ከ25,000 በላይ በሆኑ ምግብ ቤቶቹ፣ በአሜሪካ ደግሞ 95 ከመቶ ገደማ በሚሆኑት ቅርንጫፎቹ ይህ አገልግሎት እንደሚሰጥ አስታውቋል። ከምግብ ቤት አልፎም ባንኮች፣ መድኃኒት ቤቶች፣ የመኪና እጥበት ድርጅቶች፣ በወረርሽኝ ወቅት ደግሞ የጤና ተቋማት ተገልግለውበታል።

አሠራሩ ላይ ላዩን ሲታይ የምቾት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በጥልቀት ሲመረመር ግን ዋናው ነገር የወረፋ አቀማመጥ ነው። ድራይቭ ስሩ ወረፋን አያስቀርም፤ ከቤት ውስጥ ባንኮኒ ፊት አንሥቶ ደጅ ባለው አስፋልት ላይ ያሰልፈዋል። ወረፋው ቦታ ሲለውጥ የሚይዘው ስፋት፣ የሚፈጀው ነዳጅ፣ በሠራተኛው ላይ የሚያሳድረው ጫና እና ሊሰለፍ የሚችለው ሰው ማንነት አብረው ይለወጣሉ። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የአሠራሩን አመጣጥ፣ ቀጥሎ የወረፋውን ስሌት፣ በመጨረሻም ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመቆሚያ ወደ መተላለፊያ

ድራይቭ ስሩ ከመምጣቱ በፊት «ድራይቭ ኢን» የሚባል አሠራር ነበር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቢምታቱም መሠረታዊ ልዩነት አላቸው። በድራይቭ ኢን ደንበኛው መኪናውን አቁሞ እዚያው ተቀምጦ ይመገባል፤ አስተናጋጅም ወደ እርሱ ይመላለሳል። በድራይቭ ስሩ ግን መኪናው በአንድ መስመር ገብቶ በሌላ ወገን ይወጣል። በመጀመሪያው አስተናጋጁ ይንቀሳቀሳል፤ በሁለተኛው የሚንቀሳቀሰው ደንበኛው ነው።

የድራይቭ ኢን ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1921 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ አጠገብ የተከፈተው ፒግ ስታንድ የተባለ ምግብ ቤት ነው። ጊዜው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው የፎርድ «ሞዴል ቲ» መኪና ከ15 ሚሊዮን በላይ በመሸጡ መኪና የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመካከለኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች መጓጓዣ መሆን ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ደንበኛውን በመኪናው ውስጥ ሳለ ማግኘት ቻለ።

የድራይቭ ኢን ድክመት ግን ብዙም ሳይቆይ ታየ። አንድ መኪና አንድ የማቆሚያ ቦታ ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ አስተናጋጆቹ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ሳህንና ብርጭቆ ይሰበራል፤ ወጣቶችም ጥቂት አዝዘው ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። በ1948 በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ የነበሩት የማክዶናልድ ወንድማማቾች አስተናጋጆቻቸውን አሰናብተው፣ የምግብ ዝርዝራቸውን አሳጥረው፣ ወጥ ቤታቸውን እንደ ፋብሪካ መስመር አደራጁ። በዚሁ ዓመት በባልድዊን ፓርክ ከተማ የተከፈተው ኢን ኤን አውት የተባለ አነስተኛ ምግብ ቤት ደግሞ ደንበኛውና ወጥ ቤቱ በድምፅ ማጉያ የሚነጋገሩበትን ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። በ1951 በሳን ዲዬጎ የተመሠረተው ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ይህንኑ ዘዴ የንግዱ መለያ አደረገው።

«የመጀመሪያው ድራይቭ ስሩ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የማይገኘው በትርጉም ልዩነት ምክንያት ነው። መስኮት መኖሩ ብቻ በቂ ከሆነ ክብሩ በ1930ዎቹ ለፒግ ስታንድ ቅርንጫፎች ሊሰጥ ይችላል። በ1947 በሚዙሪ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተከፈተው ሬድስ ጃያንት ሃምበርግም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከሩቅ ማዘዝ መቻሉ እንደ ዋና መለያ ከተወሰደ ደግሞ ኢን ኤን አውት ይቀድማል። ለአሠራሩ ጥናት የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው መለያ ነው፤ ምክንያቱም የማዘዣውና የመረከቢያው ቦታ ሲለያዩ ወጥ ቤቱ መኪናው ወደ መስኮቱ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ለዝግጅት መጠቀም ይችላል።

ማክዶናልድስ ወደዚህ አሠራር የገባው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያውን መስኮት በጥር 1975 የከፈተው በአሪዞና ግዛት በሲየራ ቪስታ ከተማ፣ በፎርት ዋቹካ የጦር ሰፈር አጠገብ ነበር። የሰፈሩ ወታደሮች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከመኪና ወርደው በከተማው እንዳይታዩ የሚከለክል ደንብ ስለነበረ፣ ቅርንጫፉ ግድግዳውን ከፍቶ በመስኮት ማስተናገድ ጀመረ። አገልግሎቱ በዚያ የተጀመረው ከመኪና መውረድ ለማይችሉ ሰዎች መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ኋላ ላይ ግን መውረድ ለማይፈልጉ ሁሉ ተዳረሰ።

ሦስት ጣቢያዎች፣ አንድ መስመር

የተለመደው ድራይቭ ስሩ ሦስት ጣቢያዎች አሉት፦ ማዘዣ፣ መክፈያ እና መረከቢያ። መኪናው ማዘዣው ጋ ሲደርስ በአስፋልቱ ሥር የተቀበረ የሽቦ ጥቅል የብረቱን መቅረብ ለይቶ ለአስተናጋጁ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ይልካል። ትእዛዙ ወዲያው በወጥ ቤቱ ማሳያ ላይ ይወጣል። መኪናው ወደ መክፈያውና ወደ መረከቢያው እያዘገመ ሳለ ምግቡ ይዘጋጃል።

የመስመሩ ፍጥነት የሚወሰነው ከሦስቱ ጣቢያዎች በጣም በዘገየው ነው። ለምሳሌ ማዘዝ 50 ሰከንድ፣ መክፈል 30 ሰከንድ፣ መረከብ 80 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ከመስመሩ በየ80 ሰከንዱ ከአንድ መኪና በላይ ሊወጣ አይችልም። የክፍያውን ጊዜ ወደ 15 ሰከንድ ማሳጠር መኪናዎቹ መረከቢያው ፊት ቀድመው እንዲደርሱ ከማድረግ በቀር በሰዓት የሚስተናገዱትን ቁጥር አይጨምርም። ማነቆውን ለይቶ ሳያውቁ የሚደረግ ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በባንኮኒ ወረፋና በመኪና ወረፋ መካከል ሌላም ልዩነት አለ። በባንኮኒ ፊት ብዙ ያዘዘ ሰው ወደ ጎን ቆሞ ሌላው ሊያልፈው ይችላል። በጠባብ የመኪና መስመር ግን መተላለፍ የለም፤ ለ8 ሰው ምግብ ያዘዘ አንድ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግዳል። ምግብ ቤቶች ለዚህ የፈለሰፏቸው መፍትሔዎች በሙሉ መተላለፍን መልሶ ለመፍቀድ የታሰቡ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ዝግጅቱ የዘገየበትን መኪና ወደ ፊት አሳልፎ በልዩ ቦታ ማቆም፣ ማዘዣውን ሁለት መስመር ማድረግ፣ ወይም ሠራተኞች ወጥተው በመኪኖቹ መካከል እየተዘዋወሩ ትእዛዝ እንዲቀበሉ ማድረግ።

የጥቂት ሰከንዶች ክብደት

የወረፋ ሳይንስ የተወለደው በምግብ ቤት ሳይሆን በስልክ ቤት ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የስልክ ጥሪዎች የሚመጡበትን ሥርዓት አስመልክቶ በ1909 ያሳተመው ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በ1961 ደግሞ ጆን ሊትል በስሙ የሚጠራውን ሕግ በሒሳብ አረጋገጠ። ሕጉ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚገኙ ደንበኞች አማካይ ቁጥር፣ ደንበኞች የሚመጡበት ፍጥነት አንድ ደንበኛ በሚቆይበት አማካይ ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው ይላል።

ሐሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሰዓት በአማካይ 40 መኪና ወደሚመጣበት አንድ መስኮት እንመልከት፤ ይህም በየ90 ሰከንዱ አንድ መኪና ማለት ነው። መስኮቱ አንዱን መኪና በአማካይ በ80 ሰከንድ ቢያስተናግድ ወረፋ የማይኖር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መኪኖች በእኩል ርቀት ተለክተው አይመጡም፤ የመስተንግዶውም ጊዜ ከትእዛዝ ትእዛዝ ይለያያል። ሁለቱም ያለ ሥርዓት ይለዋወጣሉ ብሎ በሚነሣው በጣም ቀላል የወረፋ ሞዴል መሠረት በመስመሩ ላይ በአማካይ 8 መኪና ይገኛል፤ እያንዳንዱም በአማካይ 12 ደቂቃ ይቆያል። በሊትል ሕግ ሲረጋገጥም በሰዓት 40 መኪና በ0.2 ሰዓት ሲባዛ 8 ይሆናል።

አሁን የመስተንግዶው ጊዜ ከ80 ወደ 72 ሰከንድ ዝቅ ቢል፣ አማካዩ የመኪና ቁጥር ከ8 ወደ 4፣ የቆይታውም ጊዜ ከ12 ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል። የ8 ሰከንድ ቅናሽ ወረፋውን በግማሽ ቀነሰው ማለት ነው። በተቃራኒው ጊዜው በ4 ሰከንድ ብቻ ጨምሮ 84 ቢሆን፣ አማካዩ ወደ 14 መኪና፣ ቆይታውም ወደ 21 ደቂቃ ያሻቅባል። ሥርዓቱ ወደ አቅሙ ጣሪያ በተጠጋ ቁጥር ትንሽ መዘግየት ትልቅ ወረፋ ይወልዳል። በእርግጥ የፈጣን ምግብ ዝግጅት ሞዴሉ ከሚገምተው ያነሰ መለዋወጥ ስላለው እውነተኛው ወረፋ ከዚህ ሊያጥር ይችላል፤ የግንኙነቱ ጠባይ ግን አይለወጥም።

ስሌቱ ለከተማ ፕላን ባለሙያም ይናገራል። ለአንድ መኪና ከነክፍተቱ 6 ሜትር ቢታሰብ 8 መኪና 48 ሜትር ይይዛል። ይህን አማካይ ብቻ የተመለከተ ንድፍ አውጪ ለ12 መኪና የሚሆን የ72 ሜትር መስመር ከሠራ ከበቂ በላይ ያደረገ ይመስለዋል። በተጠቀሰው ሞዴል ግን በመስመሩ ላይ ከ12 በላይ መኪና የመገኘቱ ዕድል 22 ከመቶ ገደማ ነው። ይህም ማለት ከአገልግሎት ሰዓቱ አንድ አምስተኛ በሚበልጠው ጊዜ የወረፋው ጅራት ወደ አደባባዩ መንገድ ይወጣል፤ የእግረኛውንም መተላለፊያ ይዘጋል። መስመር በአማካይ ቁጥር ሳይሆን በመጨናነቂያ ሰዓት መጠን መነደፍ ያለበት ለዚህ ነው።

በሰከንድ የሚመዘን ሥራ

ጥቂት ሰከንዶች ይህን ያህል ዋጋ ካላቸው ድርጅቶች ሰከንድ መቁጠራቸው አያስደንቅም። መኪናውን ለማወቅ የተቀበረው የሽቦ ጥቅል የሰዓት መቁጠሪያም ነው። መኪናው ከማዘዣው እስከ መረከቢያው የፈጀው ጊዜ ይመዘገባል፤ ውጤቱም በሠራተኞቹ ፊት ባለ ማሳያ ላይ ይነበባል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ጆሮው የአዲሱን ደንበኛ ትእዛዝ እየሰማ፣ በእጁ የሌላውን ገንዘብ እየተቀበለ፣ በመስኮቱም ቅዝቃዜና የሞተር ጭስ እየገባበት ይሠራል።

መለኪያ ግብ ሲሆን ደግሞ ጠባዩ ይበላሻል። ያልደረሰለትን መኪና ወደ ፊት አሳልፎ ማቆም መስመሩን ለማስለቀቅ የታሰበ ጠቃሚ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ከመስኮቱ ሲነሣ ቁጥሩ ስለሚቆም፣ ከኋላ ሌላ መኪና በሌለበት ሰዓት እንኳ ደንበኛን ወደ ማቆሚያው መላክ የተለመደ ሆኗል። በማሳያው ላይ ጊዜው ያጥራል፤ ደንበኛው ግን ምግቡን ያገኘው ቀድሞ ከሚያገኝበት ሰዓት አልፈጠነም። ስለዚህ በመስኮት ቆይታ ላይ የተመሠረተ መረጃ የሚጠቀም ተመራማሪ፣ መረጃው የደንበኛውን እውነተኛ ቆይታ መለካት አለመለካቱን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

ጫናውን በማሽን የመተካት ሙከራም ተደርጓል። ማክዶናልድስ ከ2021 ጀምሮ ከአይቢኤም ጋር በመሆን ትእዛዝን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የመቀበል ሙከራ ሲያካሂድ ቆይቶ፣ ከ100 በላይ በሆኑ ምግብ ቤቶች የነበረውን ይህን ሙከራ በ2024 አቋርጧል። በሞተር ድምፅ መካከል በልዩ ልዩ አነጋገር የሚነገርን፣ መሐል ላይ የሚሰረዝና የሚስተካከልን ትእዛዝ መረዳት ልምድ ያለው አስተናጋጅ ሳይታወቀው የሚፈጽመው ከባድ ሥራ መሆኑን ሙከራው አስገንዝቧል።

ከመስመሩ ውጪ የሚቀሩት

አሠራሩ የሚጠቅማቸው ሰዎች ቀላል አይደሉም። እንቅስቃሴው የተገደበ አሽከርካሪ፣ የተኛ ሕፃን የያዘች እናት፣ በሌሊት ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ከመኪና አለመውረዳቸው ለእነርሱ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ድራይቭ ስሩን ስንፍና ብሎ ብቻ መንቀፍ እነዚህን ሰዎች መዘንጋት ነው።

በሌላ በኩል የሕንፃው በር ተዘግቶ መስኮቱ ብቻ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት መኪና የሌለው ሰው ሙሉ በሙሉ ይገለላል። ብዙ ድርጅቶች ለአደጋ ያጋልጣል በሚል ምክንያት በእግሩ የመጣን ሰው በመስኮት አያስተናግዱም። ከእነዚህ መካከል ማየት የተሳናቸው ሰዎች ይገኛሉ፤ በሕግም በተፈጥሮም መኪና መንዳት አይችሉምና። በአሜሪካ ይህ ጉዳይ በ1990 ከወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ አንጻር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እዚህ ላይ መስኮቱ አንዱን አካል ጉዳተኛ ሲያስገባ ሌላውን በር ላይ ያስቀራል።

ሁለተኛው ወጪ የአየርና የነዳጅ ነው። ቆሞ የሚሠራ የቤት መኪና ሞተር እንደ መጠኑ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነዳጅ ይፈጃል። በምሳሌው የታየው የ8 መኪና አማካይ ወረፋ በቀን ለ10 ሰዓት ቢቀጥል 80 የመኪና ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በአንድ መስኮት ፊት በቀን ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚሆን ነዳጅ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ያስቀራል፤ የሚይዘውን 6 ሜትር ግን አያሳጥረውም።

ሦስተኛው የመንገድ ደኅንነት ነው። እያንዳንዱ መግቢያና መውጫ የእግረኛውን መንገድ ያቋርጣል። በዚህና በመሳሰሉት ምክንያቶች የካሊፎርኒያዋ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ በ1982 አዳዲስ ድራይቭ ስሩዎችን ከልክላለች፤ ሚኒያፖሊስም በ2019 ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፋለች። ኢን ኤን አውት የተወለደባት ባልድዊን ፓርክ ራሷ በ2010 አዲስ ፈቃድ መስጠቷን ለጊዜው አቁማ ነበር።

ከምግብ ቤት ባሻገር

የባንኮች ታሪክ ጠቃሚ ንጽጽር ይሰጣል። በ1930 በሴንት ሉዊስ ከተማ ግራንድ ናሽናል ባንክ ለባለመኪኖች የከፈተው መስኮት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አሠራር በእጅጉ ተስፋፋ። የገንዘብ መክፈያ ማሽንና የስልክ ባንክ አገልግሎት ሲመጡ ግን የባንክ መስኮት አስፈላጊነቱ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የባንክ ሥራ በአብዛኛው መረጃ በመሆኑ በሽቦ ሊተላለፍ ይችላል። ትኩስ ምግብ ግን አይተላለፍም። አንድ አገልግሎት ለድራይቭ ስሩ ይስማማ እንደሆነ ለመወሰን ይህ ጥሩ መመዘኛ ነው፦ የሚሰጠው ነገር ቁስ ነው ወይስ መረጃ?

የጤናው ዘርፍ ሌላ ምክንያት ጨመረ። በ2020 መጀመሪያ ደቡብ ኮሪያ የኮቪድ 19 ምርመራን ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ መስጠት ስትጀምር፣ መኪናው ከመጓጓዣነቱ በላይ የመለያ ክፍል ሆኖ አገልግሏል። በየታማሚው መካከል ክፍልን የማጽዳት ሥራ ቀረ፤ የመተላለፊያውም ፍጥነት ጨመረ። ዳሩ ግን በሎስ አንጀለስ የዶጀር ስታዲየም የተቋቋመው ግዙፍ የክትባት ጣቢያ ሰዎችን በመኪናቸው ውስጥ ለሰዓታት ያሰለፈባቸው ቀናት ነበሩ። መኪና የሌላቸው ነዋሪዎች ደግሞ በዚያ መንገድ ክትባቱን ማግኘት ይቸግራቸው ነበር። ምግብ ማጣትና ክትባት ማጣት እኩል አይደሉም፤ ነገር ግን ያገለላቸው አሠራር አንድ ነው።

በአዲስ አበባ ካፌዎች ደጅ መኪና አቁሞ ማኪያቶ በመኪና ውስጥ መጠጣት፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሻይ ቤት ፊት ጥሩንባ ነፍቶ አስተናጋጅ መጥራት ከድራይቭ ስሩ ይልቅ ለድራይቭ ኢን የቀረቡ ልማዶች ናቸው። የተሠራ መስመር ስለሌላቸው ወረፋው የሚያርፈው በመንገዱ ዳር ላይ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር በሚከናወንባት እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ ይህ ዳር የእግረኛው መተላለፊያ ነው። ስለሆነም የመስኮት አገልግሎት ፈቃድ በሚጠየቅበት ጊዜ ሊታይ የሚገባው የሕንፃው ንድፍ ብቻ ሳይሆን የወረፋው ጅራት የሚያርፍበት ቦታም ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ድራይቭ ስሩ የተስፋፋው መኪና ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የወጥ ቤት አደረጃጀት፣ ከሩቅ የማዘዝ ዘዴ እና የሰከንድ ቁጥጥር ተገናኝተው የወለዱት ሥርዓት ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው ሥርዓቱ ወደ አቅሙ ጣሪያ ሲጠጋ ጥቂት ሰከንዶች ወረፋውን ያጠፉታል ወይም ያበዙታል። ድርጅቱ እነዚህን ሰከንዶች ከሠራተኛው፣ ቦታውን ደግሞ ከመንገዱ ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ለፈቃድ ሰጪ አካላት ሦስት ተግባራዊ መመዘኛዎችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ የመስመሩ ርዝመት በመጨናነቂያ ሰዓት ወረፋ እንጂ በቀን አማካይ እንዳይሰላ። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ በእግሩ የመጣ ሰው የሚስተናገድበት በር ወይም ሌላ መስኮት እንዲኖር። ሦስተኛ፣ መግቢያና መውጫው ከእግረኛ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቅድሚያውን ለእግረኛው የሚሰጥ ሆኖ እንዲሠራ። እነዚህን ያላሟላ መስመር ለባለመኪናው የሚያተርፍለትን ደቂቃ የሚያስከፍለው በዚያው መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን እግረኛ ነው።